ፀሐይ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የምትሰብረው የት ነው?

(የሳይንስ ዓምድ፣ እርማት)

ከ8ኛ «ለ» ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል

እኔም ቤተሰቤም አሁን ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሐምዱሊላህ። (ሁለቱንም የጻፍኩት ቤታችን ውስጥ ሁለቱም ስለሚባሉ ነው።)

ይህ ጽሑፍ እርማት ነው። በኅዳር ወር መጨረሻ በእረፍት ሰዓት «ይህን ያውቁ ኖሯል?» የሚለውን ዝግጅት በማይክ ያቀረብኩት እኔ ነበርኩ። ያነበብኩት ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። አንደኛው «የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የካርቦን ዳይኦክሳይድን ሞለኪውል መሰባበር ይችላል» ይላል። ሁለተኛው «ስለዚህ ፀሐይ የሚገባበት ቤት አየሩ በራሱ ይጸዳል» ይላል። የመጀመሪያው እውነት ነው፣ ከመጽሐፍ ያገኘሁት ነው። ሁለተኛው ግን የኔ ነው። ማንም አልነገረኝም፣ የትም አላነበብኩትም። «ስለዚህ» የምትለዋን ቃል ከራሴ አምጥቼ ሁለቱን ሰፋኋቸው። ተማሪውም አጨበጨበልኝ።

እንዴት እንደተሳሳትኩ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ዝም ብዬ የፈጠርኩት አይደለም። ሰፈራችን ስሙ ቧንቧ ውሃ ይሁን እንጂ ቧንቧው የማይመጣበት ቀን አለ። ያን ጊዜ ከምንጭ እንቀዳለን። አምና የሳይንስ መምህራችን አንድ ዘዴ አሳይተውን ነበር፦ የጠራ ውሃ፣ ከ2 ሊትር ያልበለጠ ንጹሕ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ሞልቶ ጠራራ ፀሐይ ላይ 6 ሰዓት ማጋደም። ሰማዩ ደመና ከሆነ ሁለት ቀን። አልትራቫዮሌት ጨረሩ ከሙቀቱ ጋር ሆኖ ውሃው ውስጥ ያሉትን ጀርሞች ይገድላቸዋል። ይሄ በብዙ አገር የሚሠራበት እውነተኛ ዘዴ ነው። እኔ ታዲያ «ጀርም የሚገድል ጨረር፣ ሞለኪውልም የሚሰብር ጨረር፣ በዚያ ላይ ደሴ ደጋ ናት፣ ፀሐይዋ ትፋጃለች፤ እንግዲህ የቤት አየር ምን ያቅተዋል?» ብዬ አሰብኩ።

አሁን ወደ ቤታችን ልውሰዳችሁ። ቅዳሜ ረፋድ ነው። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ የደሴን ታኅሣሥ ታውቁታላችሁ፣ ከጦሳ የሚወርደው ብርድ አጥንት ውስጥ ይገባል። እናቴ ቡና ልታፈላ ከሰሉን ውጭ አቀጣጠለችና ጭሱ ሲያልቅ፣ ፍሙ ቀይ ሲሆን ምድጃውን ወደ ቤት አስገባችው። በሩን ዘጋን። ያለችን አንድ መስኮት መስታወት ናት፤ ፀሐይዋ በእሷ ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። አያቴ «መስኮቷን ገርበብ አድርጉት እንጂ» አሉ። እኔ ከመቀመጫዬ ሳልነሳ «አይ እማማ፣ ፀሐይ እኮ ገብታለች፤ ጨረሯ ካርቦኑን ይሰባብረዋል» አልኳቸው። እናቴ ሳቀች። «በማይክ ያነበበችው ነው» አለች፣ ደስ ብሏት። መስኮቱ እንደተዘጋ ቀረ።

አቦል ጠጣን፣ ቶና ጠጣን። በረካው ሳይቀዳ ራሴን አመመኝ። ትንሹ ወንድሜ «አቅለሸለሸኝ» ብሎ ተኛ። እንቅልፉ የመጣ መስሎን ነጠላ አለበስነው። እናቴ ጀበናውን ልታነሳ ብድግ ስትል ጉልበቷ ከዳትና ግድግዳውን ይዛ ቁልቁል ተንሸራተተች። ልይዛት ፈለግኩ፤ እግሬ ግን የኔ አልሆን አለኝ። አያቴ የተቀመጡት በሩ ሥር፣ ንፋስ በሚያስገባው ቀዳዳ በኩል ስለነበር እንደኛ አልተጎዱም። በከዘራቸው በሩን ገፍተው ተጣሩ። ጎረቤታችን መጥታ አንድ በአንድ አወጣችን። አንዱ ሎሚ ይዞ መጣ፣ አንዷ ወተት። ወንድሜ ውጭ አስመለሰውና ነቃ። እናቴን ሆስፒታል ወሰዷት፤ እስከ ማታ ድረስ አፍና አፍንጫዋ ላይ የኦክስጅን ጭምብል አድርገውላት ነበር። ማታ ስትመጣ መጀመሪያ ያለችኝ «አብሽሪ» ነው። እኔ ግን አላለቀስኩም አልልም።

ሰኞ ዕለት መምህራችን ጋ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ጠመኔ አነሱና «የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርሽ ትክክል ነው፤ ግን ሦስት ጥያቄ ይቀረዋል። የትኛው ጨረር? የት ቦታ? ሲሰበርስ ምን ይሆናል?» አሉኝ። አንዱንም አልጠየቅኩም ነበር። ከዚህ በታች የምጽፈው ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ያስረዱኝን ነው።

ከፀሐይ የሚመጣው ብርሃን አንድ ዓይነት አይደለም። ቀስተ ደመና ላይ የምናየው፣ ከቀይ እስከ ሐምራዊ ያለው፣ ዓይናችን የሚችለው ክፍል ብቻ ነው። ከሐምራዊው ማዶ የማይታይ ብርሃን አለ። ዮሐን ሪተር የተባለ ጀርመናዊ በ1801 እ.ኤ.አ. ብርሃን ሲነካው የሚጠቁር ኬሚካል ከሐምራዊው ማዶ፣ ምንም ብርሃን በማይታይበት ቦታ ላይ ቢያስቀምጠው ከሌላው ቦታ ይበልጥ ጠቆረለት። አልትራቫዮሌት፣ ማለትም ልዕለ ሐምራዊ የምንለው እሱን ነው።

ብርሃን ሞገድ ስለሆነ ርዝመት አለው፤ የሚለካውም በናኖ ሜትር ነው። (አንድ ሚሊ ሜትርን ለአንድ ሚሊዮን ብታካፍሉት አንድ ናኖ ሜትር ይሆናል።) የሚታየው ብርሃን ከ400 እስከ 700 ናኖ ሜትር ገደማ ነው። አልትራቫዮሌት ከ400 ጀምሮ ወደ 100 ይወርዳል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ሞገዱ ባጠረ ቁጥር ጉልበቱ ይበዛል። ብርሃን ጉልበቱን የሚሰጠው በጥቅል በጥቅሉ ነው፤ አንዱ ጥቅል ፎቶን ይባላል። ሞለኪውልን ለመስበር አንድ ፎቶን ብቻውን በቂ ጉልበት ሊኖረው ይገባል።

ይሄ ነገር መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። «ቲቸር፣ ደካማም ቢሆኑ ብዙ ከሆኑስ? ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ትወጣ የለ?» አልኳቸው። መምህራችን በመስኮት የግቢያችንን የግንብ አጥር አሳዩኝ። «መቶ የአንደኛ ክፍል ልጆች አጥሩን ሊዘሉ ቢሞክሩ፣ እያንዳንዳቸው ግማሽ ሜትር ይዘላሉ። ሲደመር ሃምሳ ሜትር ነው። አጥሩን የተሻገረ ግን የለም። አንድ ረጅም ዘላይ ብቻውን ይሻገረዋል» አሉኝ። ፎቶንም እንደዚያው ነው። የደካማ ፎቶኖች ዝላይ አይደመርም።

የካርቦን ዳይኦክሳይድ አጥር ደግሞ ረጅም ነው። ሞለኪውሉ መሃል ላይ አንድ ካርቦን፣ ግራና ቀኙ ላይ አንድ አንድ ኦክስጅን አለው፤ ካርቦኑ እያንዳንዱን ኦክስጅን በሁለት እጁ ነው የያዘው። አንዱን ኦክስጅን ለመገንጠል ከ230 ናኖ ሜትር ያጠረ ሞገድ ያስፈልጋል፤ በደንብ መሰበር የሚጀምረውም ከ200 በታች ሲሆን ነው። ከምንተነፍሰው ኦክስጅን እንኳ ይጠነክራል፤ የኦክስጅን ሞለኪውል በ240 ይሰበራል።

«ታዲያ ፒያሳ ላይ ያሉት የሱቅ ማስታወቂያዎች በፀሐይ የሚለቁት ለምንድን ነው? ጣራ ላይ የተወጠረ ሸራስ በዓመቱ የሚበጣጠሰው?» ብላችሁ ጠይቁኝ። እኔም ጠይቄያለሁ። መልሱ የቀለምና የፕላስቲክ አጥር አጭር ነው የሚል ነው። እነሱን ለመበጣጠስ 300 እና ከዚያ በላይ የሆነው ጨረር ይበቃል፤ የጀርሞቹን የዘር ቁስ ለማበላሸትም እንደዚሁ። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ሃይላንዱ ውስጥ ያለውን ጀርም የገደለው ጨረርና ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚሰብረው ጨረር ሁለቱም አልትራቫዮሌት ይባሉ እንጂ አንድ አይደሉም።

«የት?» ወደሚለው እንለፍ፤ ለኔ በጣም ደስ ያለኝ ክፍል ይሄ ነው። መምህራችን ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደውን መንገድ ሰሌዳው ላይ ሣሉና «አሁን መንገዱን አንስተን ቀጥ አድርገን ወደ ሰማይ እናቁመው» አሉ። ርዝመቱ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ታች፣ መነሻው ላይ ባሕር ወለል ይሁን። የኛ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ነው፤ በዚህ መንገድ ስንለካው ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ማለት ነው፣ ገና ከከተማ አልወጣንም። ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር ይበልጣል፤ እሱም ብዙ አልራቀም። አውሮፕላን የሚበረው 10 ወይ 12 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ከእሷ ትንሽ ወዲህና ወዲያ የኦዞን ሽፋን አለ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በፀሐይ ጨረር የሚሰበረው ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ወደ መርሳ ስንቃረብ ነው!

ለምን እዚያ ብቻ? አጫጭሮቹን ሞገዶች ከላይ ያለው አየር ስለሚውጣቸው ነው። ከ200 በታች ያለውን ኦክስጅን ራሱ ይውጠዋል። ከዚያ የተረፈውን፣ እስከ 290 ገደማ ያለውን፣ ኦዞን ይይዘዋል። እኛ ጋ የሚደርሰው ከ290 በላይ ያለው ነው፤ ከዚያም ውስጥ 95 በመቶ ያህሉ ለታይ ብርሃን የቀረበው ደካማው ዓይነት ነው። እርግጥ ነው ደጋ ላይ ጨረሩ ይበረታል። በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ከኮምቦልቻ ተነስቶ ሐረጎን የወጣ ሰው ደሴ ሲደርስ ትንሽ በርታ ያለ ፀሐይ ያገኘዋል። ለቆዳችንና ለዓይናችን ይሄ ቁምነገር ነው። ግን የሚጨምረው የዘላዮቹ ቁጥር እንጂ የዝላዩ ከፍታ አይደለም። በዚያ ላይ የመስኮት መስታወት ከመጣው ጨረር እንኳ ጠንከር ያለውን አብዛኛውን ያስቀራል። ስለዚህ ያን ቀን ወለላችን ላይ የተዘረጋችው ፀሐይ አንድም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል አልሰበረችም ማለት እችላለሁ።

አጫጭሮቹ ሞገዶች እኛ ጋ ቢደርሱ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ብቻ አይሰብሩም ነበር፤ እኛንም ጭምር ነው። በየዓመቱ መስከረም 6 የኦዞን ቀን ተብሎ የሚከበረው ለዚህ ነው። ቀኑ በ1987 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል ከተማ ኦዞንን የሚጎዱ ጋዞችን ለመቀነስ አገሮች የተስማሙበት ነው። እኛ ትምህርት ቤት ቀኑ የሚውለው ገና መማሪያ መጽሐፍ በምንረከብበት ሰሞን ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ «ሲሰበርስ ምን ይሆናል?» የሚለው፣ ዝም ያሰኘኝ ነው። እኔ ሲሰበር የሚጠፋ መስሎኝ ነበር። ምንም ነገር አይጠፋም። አንድ ኦክስጅን ሲገነጠል የሚቀረው አንድ ካርቦን ከአንድ ኦክስጅን ጋር ነው። ስሙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። መምህራችን ይህን ሰሌዳው ላይ ጻፉና ዞረው አዩኝ። «ይሄ ነው እናትሽን የጣላት ጋዝ» አሉ። እንግዲህ አስቡት፤ ፀሐይዋ እኔ በማይክ እንዳልኩት ብትሠራ ኖሮ ቤታችንን የምትሞላው መርዝ ነበር።

ሁልጊዜ እንደዚህ ነው ወይ? ከሞላ ጎደል አዎ። በመስከረም 2007 ዓ.ም. (በ2014 እ.ኤ.አ.) አሜሪካ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዴቪስ ተመራማሪዎች በጣም አጭር የሆነ አልትራቫዮሌት ጨረር በካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ ሲያበሩ፣ ከ100 ስብራት ወደ 5ቱ ያህል በሌላ መንገድ እንደሚሄድ አገኙ፦ ሁለቱ ኦክስጅኖች ተያይዘው ይወጡና ካርቦኑ ብቻውን ይቀራል። ማለትም የሚተነፈስ ኦክስጅን በቀጥታ ተገኘ። ከዚያ በፊት ብዙዎች በምድር ላይ በብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩ ሕያዋን ከመምጣታቸው በፊት የነበረችው ትንሽ ኦክስጅን የተገኘችው የተገነጠሉ ነጠላ ኦክስጅኖች ተገናኝተው ነው ይሉ ነበር፤ አሁን ሌላ በርም እንዳለ ታወቀ። ያ ጨረር «የቫኪዩም አልትራቫዮሌት» ይባላል። ስሙ የመጣው አየር ራሱ ስለሚውጠው፣ ሙከራው አየሩ ከወጣለት ዕቃ ውስጥ ካልሆነ ስለማይሠራ ነው። ይህንን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ «ስለዚህ» የምትለዋን አልጽፍም ነበር።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደልቡ የሚሰበርበት አገር ማርስ ነው። (ፕላኔቷን ማለቴ ነው፤ የኛ ክፍል ልጆች ቸኮሌቱን እንዳታስቡ።) አየሯ 95 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ ኦዞኗ ስስ ነው። ጨረሩ ሲሰብረው ይውላል። ታዲያ ለምን አላለቀም? እዚያ ያለችው ጥቂት የውሃ ተን በጨረሩ ስትሰበር የሚወጡት ስብርባሪዎች ካርቦን ሞኖክሳይዱን መልሰው ከኦክስጅን ጋር ስለሚያገናኙት ነው። ይሰበራል፣ ይጠገናል። ሰዎችም እዚያ ኦክስጅን ለማውጣት ሞክረዋል። በ2013 ዓ.ም. ማርስ ላይ ባረፈችው ፐርሲቪራንስ በምትባል ተሽከርካሪ ላይ ሞክሲ የሚባል መሣሪያ ነበር። ያ መሣሪያ ፀሐይን አልተጠቀመም። የማርስን አየር ወደ 800 ዲግሪ አሙቆ በኤሌክትሪክ ነው የሰበረው። እስከ 2015 ዓ.ም. 16 ጊዜ ሠርቶ በድምሩ 122 ግራም ኦክስጅን አወጣ። ይህ ለአንድ ሰው ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃል። ከካርቦን ዳይኦክሳይድ አንድ ኦክስጅን ማስለቀቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከዚህ ይታያችኋል።

«የጦሳ ባሕር ዛፍስ በቀላሉ ይሰብረው የለ?» ለምትሉ፣ ቅጠል የሚያደርገው ሌላ ነው። የሚታየውን ብርሃን ተጠቅሞ የሚሰብረው ውሃን ነው። ከቅጠል የሚወጣው ኦክስጅን ከውሃው የመጣ ነው እንጂ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ አይደለም። ይሄ ፈተና ላይ ሊመጣ ስለሚችል ያዙት።

አሁን ወደ ምድጃው ልመለስ። ፀሐይ እዚህ ታች ማድረግ ያቃታትን ነገር የሚያደርግ አንድ ዕቃ በየቤታችን አለ። እሱም የከሰል ምድጃ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በምድጃው ታች ባሉት ቀዳዳዎች አየር ይገባል። ታች ያለው ፍም ከኦክስጅኑ ጋር ተቃጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ያ ጋዝ ወደ ላይ ሲወጣ በቀሉት ፍሞች መሃል ያልፋል። ፍም ማለት የጋለ ካርቦን ነው፤ በጣም የጋለ ካርቦን ደግሞ ኦክስጅን ይቀማል። አንዱን ኦክስጅን ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወስድና ሁለቱም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናሉ። አንድ የገባው ሁለት ሆኖ ወጣ ማለት ነው። ማታ መብራት ሲጠፋ ምድጃው ላይ የሚጫወት ሰማያዊ ነበልባል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከላይ አየር አግኝቶ ሲቃጠል ነው። ነበልባሉ ሲጠፋ ግን ጋዙ ሳይቃጠል ወደ ክፍሉ ይወጣል። ቤቱ በተዘጋ መጠን ኦክስጅኑ ያንሳል፣ ኦክስጅኑ ባነሰ መጠን ደግሞ መርዙ ይበዛል።

እናቴ ከሰሉን ውጭ ማቀጣጠሏ፣ ቀይ እስኪሆን መጠበቋ፣ ሁላችንም የምናውቀው ጥንቃቄ ነው። ጭሱን ይቀንሳል። ካርቦን ሞኖክሳይዱን ግን አያስቀረውም፤ እንዳያችሁት ከቀይ ፍምም ይወጣል። መምህራችን ያሉት ነገር ከጆሮዬ አይጠፋም፦ «ጭስ ያስለቅስሻል፣ ያስልሻል፣ ከቤት ያስወጣሻል። ይሄኛው ግን ዝም ይላል።» ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም።

ሰውነታችን ውስጥ ምን ያደርጋል? ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። አውቶቡስ ላይ ወንበር ይዞ እንደማይወርድ ተሳፋሪ ማለት ነው፤ ኦክስጅኑ በር ላይ ይቀራል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የእግር መክበድ ይመጣል። ወዲያው እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። እኛ ወንድሜን ነጠላ አልብሰን ስናስተኛው እንቅልፍ አልነበረም። ተኝቶ ያደረ ሰው ደግሞ ራስ ምታቱ እንኳ ላይቀሰቅሰው ይችላል። በማህፀን ያለ ልጅ ከእናቱ የበለጠ ይጎዳል።

ሎሚውና ወተቱስ? ያመጡት ሰዎች ለኛ ብለው ነው፣ አመሰግናቸዋለሁ። ግን ሎሚ ሄሞግሎቢኑን አያስለቅቅም፣ ወተትም ሆድ እንጂ ደም ውስጥ ገብቶ አያጥብም፤ ራሱን ለሳተ ሰው ወተት መስጠት እንዲያውም ሊያንቀው ይችላል። የጠቀመን በሩ መከፈቱና ወደ ውጭ መውጣታችን ነው። በንጹሕ አየር ላይ ጋዙ ከደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጅበታል፤ በሆስፒታል ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጥ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይወርዳል። እናቴ ጭምብሉን አድርጋ የዋለችው ለዚህ ነበር።

አሁን ቤታችን ቡና የሚፈላው በረንዳ ላይ ነው። ሲበርድ ጋቢ እንለብሳለን። ዝናብ ከሆነና ምድጃው የግድ ከገባ በሩም መስኮቱም ሁለቱም ይከፈታሉ፤ አንዱ ብቻ ሲከፈት አየሩ እንደማይዘዋወር አያቴ ቀድመው ያውቁ ነበር። ስንተኛ ምድጃው ውጭ ያድራል፣ አመድ የለበሰም ቢሆን። አያቴ አልፎ አልፎ «ዛሬስ ፀሐይዋ ምን ሰበረች?» እያሉ ይቀልዱብኛል። ይገባኛል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ባለፈው ሐሙስ የአራተኛ ክፍል ልጅ መንገድ ላይ አግኝታኝ «ያንቺን ለእማዬ ነገርኳት» አለችኝ። ምኑን ስላት «ፀሐይ ካለ መስኮት መክፈት አያስፈልግም ያልሽውን» አለች። አብሬያት ቤታቸው ሄድኩ። ሰፈራችን ውስጥ ነው፣ ከኛ ቤት ብዙ አይርቅም። እናቷ በሩ ላይ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር፣ ውስጥ ምድጃው ላይ ወጥ ተጥዷል፣ መስኮቱ ዝግ ነው። ያልኩት ስህተት እንደሆነና እኛ ቤት የሆነውን ነገርኳቸው። እሳቸውም «እኔ እኮ ሰሞኑን ራሴን የሚያመኝ ከብርዱ መስሎኝ!» ብለው ተነሱና መስኮቱን ከፈቱ። መስኮቱ አርጅቶ ስለነበር ሁለታችን ነን ጎትተን የከፈትነው።

ማጨብጨቡን የሰማሁት ከብዙ ተማሪ ነው፤ ስንቱ ቤት ሄዶ እንደነገረ ግን አላውቅም። ስለዚህ ይህንኑ ጽሑፍ አሳጥሬ የፊታችን ረቡዕ በእረፍት ሰዓት በማይክ አነባለሁ። የመጀመሪያውን ሰምታችሁ ቤት የተናገራችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ሄዳችሁ «ልጅቷ ተሳስታለች» በሉልኝ።